ፈተናን የሚጠራ ሥር

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ጎዳና ጎብዬ የምትባል ከተማ አለች። በዙሪያዋ ያለው የራያ ቆላ የማሽላ አገር ነው። የማሽላ ጠላቶች ብዙዎች ናቸው፤ ድርቅ አለ፥ ግሪሳ የሚባለውም ወፍ አለ፤ በስውር የሚጎዳው ግን አቀንጭራ የሚባለው አረም ነው። የፈተናን ነገር ልናስተውል ብንወድ የዚህን አረም ጠባይ እንመልከት።

የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አንዲቱ ተክል ብቻዋን በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም ሳይበቅልና ሳይሞት በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ዝናብ ብቻውን አያስነሣውም። ነገር ግን የማሽላው ሥር ከራሱ የሚያወጣው ረቂቅ ነገር በደረሰው ጊዜ ይነቃል፤ ከሥሩም ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይጠባል። ከምድር በላይ ወጥቶ ያማረ ሐምራዊ አበባውን በሚያሳይበት ጊዜ ማሽላው አስቀድሞ ተጎድቷል። እንግዲህ ጠላቱን የጠራው የማሽላው የገዛ ሥሩ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በ1ኛው ምዕራፍ የሚያስተምረን ይህን የመሰለ ነገር ነው። የክፋት ምክንያት ከእግዚአብሔር እንዳይደለ፥ ሰውን የሚጎትተው የገዛ ምኞቱ እንደ ሆነ፥ የዚያም መንገድ ፍጻሜው ሞት እንደ ሆነ ያስረዳናል።

የእህል ጎተራ ቁልፍ በአደራ የተሰጠውን ሰው እናስብ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አይወስድም፤ «ጥቂት ቢጎድል ማን ያውቃል?» ብሎ በልቡ ያሰላል እንጂ። ያን ጊዜ ሥሩ ጠራ። ከጥቂት ቀን በኋላ፥ እመልሰዋለሁ እያለ፥ አንድ ቁና ይወስዳል። ከዚያም በኋላ መዝገቡን ይፍቃል። በተያዘም ጊዜ ሰዎች «እገሌ በአንድ ቀን ተበላሸ» ይላሉ። እንዲህስ አይደለም፤ አበባው በአንድ ቀን ታየ እንጂ ሥሩ ሲጠባ የኖረው ብዙ ወራት ነው። የጎደለውም ቁና ክረምቱን የምትሻገርበት የአንዲት መበለት ድርሻ ነበረ።

ተማሪ ሆይ፤ አንተም በትምህርት ቤት ፈተና ከባልንጀራህ ወረቀት ብትገለብጥ፥ ያ ሌላው ፈተና ድል ያደረገህ በዚያ ቀን አይደለም፤ ሳታጠና ባሳለፍሃቸው ሌሊቶች ነው።

ነገር ግን ተስፋ አለ። በወለንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ብዙ ዘመን ደክመው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው አስገኙ፤ በ2009 እ.ኤ.አ.ም የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። በ1992 ዓ.ም. ገደማ ለኢትዮጵያ ገበሬ ከቀረቡት ከእነዚህ ማሽላዎች አንዱ «ጎብዬ» ይባላል። ይህ ማሽላ የሚጠበቀው የአቀንጭራው ዘር ከምድር ስለ ጠፋ አይደለም፤ ሥሩ የሚያወጣው ጥሪ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ነው እንጂ። ዘሩ በአጠገቡ ሳለ አይነቃም።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማር። ፊተኛው፥ ዓለም ከፈተና እስኪጠራ ድረስ አንጠብቅ፤ ጥሪያችንን እንተው። ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ልብሱን ጥሎ ሸሸ እንጂ ከምኞት ጋር ቆሞ አልተከራከረም። ክፉ አሳብ በልብ ማለፉ ኃጢአት አይደለም፤ ተቀምጦ እንዲያድር ስፍራ መስጠት ግን ጥሪ ነው።

ሁለተኛው፥ አቀንጭራ የሚበረታው በደከመ መሬት ነው። ጸሎትን የተወ፥ የእግዚአብሔርን ቃል የማያነብ፥ ከምእመናን ማኅበር የራቀ ልብም እንደዚያ መሬት ነው።

ሦስተኛው፥ ያ ማሽላ እንኳ ፈጽሞ የማይነካ አይደለም። ስለዚህ የእርሻ አዋቂዎች ከማዳበሪያ ጋርና ውሃን በማሳው ውስጥ ከመያዝ ጋር እንዲዘራ ይመክራሉ። እንግዲህ «እኔ ጸንቻለሁ» የሚል ሰው ይጠንቀቅ።

አበባው አስቀድሞ የታየብህ ወንድሜ ሆይ፤ ዘሩን ሳይበትን ዛሬ ንቀለው። ለታመነ ወንድም ንገረው፤ የወሰድኸውን መልስ፤ ቁልፉም የሚያሰናክልህ ከሆነ ቁልፉን አስረክብ። እፍረቱ የአንድ ቀን ነው፤ የተበተነው ዘር ግን የልጆችህን እርሻ ያበላሻል።

ደግሞም ማሽላው ያን ጠባይ ለራሱ እንዳልሰጠ አስብ፤ በሌላ እጅ ተቀበለው እንጂ። እኛም በገዛ ኃይላችን አንጸናም። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በምድረ በዳ 40 ቀን ጾሞ በተፈተነ ጊዜ ፈታኙ በእርሱ ውስጥ የሚመልስለት ምኞት አላገኘም። በእርሱ ለሚታመኑት ሁሉ የራሱን ሕይወት ይሰጣል።

አቤቱ፥ ማንም የማያየውን ሥራችንን አንተ ታያለህ፤ በዚያ ጠብቀን። አሜን።