‹አሁን› ወይስ ‹በኋላ›?

ሽማግሌ ልኮ ወይም ሽማግሌ ተልኮበት የማያውቅ ቤተ ዘመድ በአገራችን ጥቂት ነው። መልእክተኞቹ ቆመው ጉዳያቸውን ይናገራሉ፣ ‹‹ተቀመጡ›› ይባላሉ። አባት ቢያመነታ ‹‹ዘመድ ላማክር›› ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ነገሩ ካልጣመውም ምክንያት ፈልጎ በክብር ይሸኛቸዋል። እስቲ አሁን እነዚያው ሽማግሌዎች ገና ከበር ‹‹ልጅዎን አሁኑኑ እንውሰዳት ወይስ ማታ ተኝተው ሳሉ?›› ብለው ሲጠይቁ አስቡት። ይሄ ምርጫ ይባላል?

ኮምፒውተራችን በየወሩ የሚያቀርብልን ሽምግልና እንዲህ ያለ ነው። ‹‹አፕዴት ተዘጋጅቷል፤ አሁን አጥፍቼ ላስነሳ ወይስ በኋላ?›› ‹አይሆንም› የሚል ቁልፍ ብዙውን ጊዜ የለም። ‹በኋላ› ብንልም ‹በኋላ› መቼ እንደሆነ የሚቆርጥልን እሱ ነው። ደብዳቤ ልታትሙ ስትሉ፣ ባለጉዳዩ ቆሞ እየጠበቀ፣ ስክሪኑ ላይ ‹‹30 በመቶ፤ እባክዎ አያጥፉ›› የሚል ይመጣል። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት አገር ‹አያጥፉ› ማለት በራሱ ቀልድ ነው። ጎረቤቴማ ልጁ የፈተና ውጤቱን እንዲያይበት የገዛውን የኢንተርኔት ፓኬጅ ማሽኑ ሌሊቱን ለራሱ ጨርሶት አደረ።

ይህን እንደ ተራ የቴክኒክ ብሶት ማየት ይቻላል፤ ብዙዎችም ‹‹ፎርማት አስደርገው›› ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ከሥሩ ያለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ገንዘብ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ ቤቴ ያስገባሁትን ዕቃ ሻጩ ያለፈቃዴ የመለወጥ መብት አለው ወይ? የኩባንያዎቹ መልስ አጭር ነው። የገዛኸው ብረቱንና ፕላስቲኩን ነው፤ ሶፍትዌሩን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው የሰጠንህ፤ አንተም ‹እስማማለሁ› ብለሃል። እውነት ነው፣ ብለናል። ግን ያንን ማለቂያ የሌለው ውል አንብቦ የጨረሰ ማን ነው? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ‹‹ሰምና ወርቁን ፍቱ›› እያልኩ ተማሪ ሳስጨንቅ ኖሬአለሁ፤ እንደ ‹እስማማለሁ› ሰሙና ወርቁ የተራራቀ ቃል ግን አላጋጠመኝም። ሰሙ ፈቃድ ነው፤ ወርቁ ‹‹ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?›› ነው።

ተከራይ እንኳ ከዚህ ይሻላል። አከራይ ኪራይ ይጨምራል፣ ውሃ ይዘጋል፣ እንግዳ በዛ ብሎ ያኮርፋል። ሌሊት ገብቶ አልጋችንን ወደ ማድቤት አዛውሮ ሲያበቃ ግን ጠዋት ‹‹እንኳን ደስ ያለዎ፣ ቤትዎን አሻሽለንልዎታል›› አይልም።

ለነገሩ የሌላውን ወገን ክርክር ማቃለል አይገባም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ‹ዋናክራይ› የተባለ፣ ፋይል እየቆለፈ ማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ከ150 በላይ አገሮችን አዳረሰ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ የሕሙማን ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ያወጣው ግን ከሁለት ወር በፊት፣ ማርች ላይ ነበር። የተጠቁት በአብዛኛው ማስተካከያውን ያልጫኑ ማሽኖች ናቸው። ስለዚህ ‹‹ኮምፒውተሬ የራሴ ነው፣ እንዳሻኝ አደርገዋለሁ›› የሚለው ቃል ሙሉ አይደለም። በሽታው ይተላለፋል። የኔ ግዴለሽነት የማላውቀውን በሽተኛ ከቀዶ ጥገና ክፍል በር ሊመልሰው ይችላል።

እሺ፣ ክትባቱን እንቀበል። የኔ ጠብ ከክትባቱ ጋር ተጠቅልሎ ከሚገባው ጓዝ ጋር ነው። የለመድነው ቁልፍ ቦታ መቀየሩ፣ ያልጠየቅነው ማስታወቂያ፣ የማንፈልገው ‹ረዳት›። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይናገራል። ቀዳዳ ያለው ሶፍትዌር የሸጠ ኩባንያ ቀዳዳውን ሲደፍን ዕዳውን እየከፈለ ነው እንጂ ስጦታ እያመጣልን አይደለም። ባለዕዳ ዕዳውን ሊከፍል መጥቶ ሳሎናችንን ልቀይር ማለቱ ምን ይሉታል? ሐኪሙም ቢሆን ይሳሳታል። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ ማሽኖችን ዘርሮ፣ በየአገሩ አውሮፕላን እንዳይነሳ አድርጓል።

ከዚያ ደግሞ ዝግመቱ አለ። ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ስዊዘርላንዳዊ ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ፣ ማሽኑ ከሚፈጥነው በላይ ሶፍትዌሩ እየዘገመ መሆኑን ጽፎ ነበር። 30 ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀምጠን እስኪከፈት ቡና አፍልተን እንመለሳለን። መሥሪያ ቤቶቹ ማሽኖቻቸውን እያፈጠኑ ለሚሞክሩ ሰዎች ሶፍትዌር የሚሠራው ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ያለው አዲስ ማሽን ነው፤ የኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው አሮጌ ግን ለሱ አይታየውም።

ኩባንያዎቹ ሆን ብለው ያዘገዩብናል የሚለው ሐሜት ሁሉ እውነት ነው አልልም። አፕል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባትሪያቸው ያረጀባቸውን አይፎኖች በሶፍትዌር ያዘገይ እንደነበር አምኗል። ምክንያቱ ስልኮቹ በድንገት እንዳይጠፉ ነው አለ፤ ይሁን፣ ምክንያቱ ውኃ ያነሳል። ፈረንሳይ በ2020 የ25 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት የጣለችበት ግን ለባለቤቶቹ ባለመናገሩ ነው። ለኔ ይህ ፍርድ ከብዙ የፍልስፍና መጽሐፍ ይበልጣል። ባትሪ ቀይሮ ሊገላገል የሚችል ሰው ሳይነገረው አዲስ ስልክ ገዝቷል።

በ2015 አንድ የማይክሮሶፍት ባልደረባ ስለ ዊንዶውስ 10 ሲናገር የመጨረሻው ዊንዶውስ ነው ብሎ ነበር። በ2021 ዊንዶውስ 11 መጣ፤ የሚቀበለውም አዳዲስ ማሽኖችን ብቻ ሆነ። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ፣ ምንም ያልጎደላቸው ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን ‹አሮጌ› ተባሉ። ለአንድ ዓመት የሚያቆይ ማራዘሚያ ቀርቧል፤ ሞት ተራዘመ እንጂ አልቀረም። ሀብታም አገር ይህ ማለት አዲስ መግዛት ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ሰብስቦ ልጆች ለሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

መቼስ ለውጥ ሁሉ ክፉ ነው እንዳልል ፊደላችን ይፋረደኛል። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪ ሀሁን በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ በየራሱ አሰላለፍ ያስቀምጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የሚነበብ ነገር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ወንበር አገኘ፤ በ2007 ደግሞ በብዙ የተወቀሰው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ መጣ። ያ ከባድና ዘገምተኛ ሶፍትዌር አማርኛን ከመቀጠል ነጻ አወጣት። ዛሬ በስልክ የምንጻጻፈው በዚያው መንገድ ነው። ግን ከዚያ በፊት የተጻፈውስ? በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተተየቡ ጥናቶች፣ ግጥሞች፣ የመጽሐፍ ረቂቆች በአዲሱ ማሽን ሲከፈቱ የምልክት ድርድር ናቸው። መለወጫ ፕሮግራም አለ፤ ለእያንዳንዱ አሰላለፍ ግን ፈልጎ የሚያገኘው ስንቱ ነው?

አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት የጽሕፈት ቤት ባለቤት አውቃለሁ። ጥግ ላይ የቢጫ ጥርስ መልክ ያላት፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነባት ኮምፒውተር አለቻት። የዚያች ዊንዶውስ ድጋፍ ካበቃ ከ2014 ወዲህ ነው። የጡረታ መምህራን፣ የሟች አባታቸውን ረቂቅ የያዙ ልጆች ሲዲና ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ እሷም በድሮው ፊደል ከፍታ በወረቀት ታወጣላቸዋለች።

‹‹አፕዴት አታደርጊያትም?›› አልኳት።

‹‹ጋሼ፣ ይቺ ኢንተርኔት አይታ አታውቅም!››

‹‹ብትበላሽብሽስ?››

‹‹ሁለት መጠባበቂያ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ መርካቶ ውስጥ ከቁራሌዎች፣ በኪሎ ሲሸጧቸው ደርሼ።››