ዋጋ ይቀነሳል፤ ወጪስ?

ለስፒከር ሳጥን የሚከፈል ገንዘብ የፍልስፍና ጥያቄ ይሆናልን? «ኧረ ተዉን! ፍልስፍና አናጢ ቤት ምን ይሠራል?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን ይሆናል እንላለን። አርስቶትል ስለ ፍትሕ ሲመራመር የወሰደው ምሳሌ ቤት ሠሪና ጫማ ሠሪ ነበሩ፤ የአንዱ ሥራ በሌላው ሥራ እንዴት ይለወጥ ብሎ ነው የጠየቀው። ካርል ማርክስም በ1867 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ካፒታል» የሸቀጥን ምሥጢር ለማስረዳት ያመጣው ከእንጨት የተሠራ ጠረጴዛ ነው። ለጠረጴዛ የተፈቀደ ለሳጥን ለምን ይከለከላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በኑኑ ቁምባም ሆነ በሌላ የወለጋ ወረዳ ሻይ ቤት የሚከፍት፣ ሠርግ የሚያደምቅ ወይም መዘምራን የሚያስተባብር ሰው ድምፅ ማጉያ ፈለገ እንበል። አምፕሊፋየሩና ክቡ ስፒከር ባሕር ተሻግረው አዲስ አበባ ይደርሳሉ፤ ከዚያም 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ነቀምቴ ይገባሉ። ባለሱቁ ዋጋውን ይናገራል፤ ገዢው ትንሽ ያጉረመርምና ይከፍላል። ከዚያ ሳጥን ሊያሠራ ወደ አናጢው ይሄዳል። እዚህ ሲደርስ ምላሱ ይረዝማል።

«ጋሼ፣ ለስድስት ጣውላ ይህን ያህል? ኧረ ይቀንሱልን!»

«ስድስት ጣውላ ከሆነማ ልጄ፣ ውሰድና ራስህ ግጠመው።»

ለመሆኑ ሰውዬው የሚገዛው ስድስት ጣውላ ነውን? አይደለም። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ሁለቱ እንዳሻቸው ከተገናኙ ይጣፋሉ፤ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ድራሹ ይጠፋል። ሳጥን የሚሠራው የፊቱን ከኋላው ለመለየት ነው። ይህም ብቻውን አይበቃም። የመሰንቆና የክራር ሳጥን ከጅማቱ ጋር አብሮ እንዲዘፍን ይፈለጋል፤ የስፒከር ሳጥን ግን ዝም እንዲል ነው የሚፈለገው። ራሱ ከተንቀጠቀጠ በዘፋኙ ድምፅ ላይ የራሱን ጉርምርምታ ይጨምርበታል። እንግዲህ ከአናጢው የሚገዛው ዝምታ ነው ማለት ነው። ዝምታ ደግሞ አይታይም፣ ሚዛን ላይም አይወጣም። ለማይታይ ነገር መክፈል ለሰው ልጅ ይከብደዋል።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። የጣውላው ውፍረት በግማሽ ቢቀነስ የሚፈጀው እንጨት በግማሽ ይቀንሳል፤ ላለመታጠፍ ያለው ጥንካሬ ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ነው የሚወርደው። ገዢው ግማሽ አተረፍኩ ሲል ሰባት ስምንተኛውን ጥሏል። እንጨቱ ሳይደርቅ ቢሠራስ? ሳጥኑ ቤት ከገባ በኋላ ይደርቃል፣ ይጣመማል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ በስንጥቁም አየር ያፏጫል። እንጨት ጥላ ውስጥ ተደርድሮ እስኪደርቅ ወራት ይፈልጋል። በእነዚያ ወራት ገንዘቡን እንጨት ላይ አስሮ የተቀመጠው አናጢው ነው። የመጠበቂያውን ዋጋ ማን ይክፈለው?

እኛ የምንለው ይህን ነው። ዋጋ ይቀነሳል፤ ወጪ ግን አይቀነስም፤ ቤት ይለውጣል እንጂ። ከገዢው ኪስ ሲባረር ወደ አናጢው ጉልበት ይሄዳል፤ ከአናጢው ሲባረር ወደ ሰሚው ጆሮ፤ አለዚያም መከራከር ወደማይችለው ወደ ዛፉ ይሄዳል። ዋንዛ፣ ኦሮሞው ዋዴሳ የሚለው፣ በወለጋ ለቡናው ጥላ ነው፤ አበባውን ንብ ትቀስመዋለች። በአንድ ቀን ይቆረጣል፤ ለጣውላ የሚበቃ ሆኖ ለማደግ ግን ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን የከለከለው ያለ ነገር አይደለም። ገበያው ለዛፍ ዕድሜ ዋጋ አያወጣምና ሕግ መናገር ነበረበት።

ግን ለምንድነው ባለሱቁ ፊት ዝም ያለ ሰው አናጢው ፊት የሚከራከረው? «ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ አናጢው ግን እዚሁ ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። በአገራችን የእጅ ሥራ የተናቀ ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ከአፍ ቢወጣም በዋጋ ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። «ይቺን ለመሥራት ነው?» የሚለው ቃል የዚያ ስድብ የልጅ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ልንሸሸውም አይገባም። ገዢው ራሱ ድኻ ቢሆንስ? መዘምራኑ ገንዘቡን ሳንቲም በሳንቲም ለቃቅመው ቢሆንስ? ድኻን ብዙ ክፈል ማለት ፍትሕ ነውን? አይደለም። መከራከርም ኃጢአት አይደለም፤ ገበያ ያለ ክርክር ምን ገበያ ነው! ነገር ግን ክርክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ቀንስ» ብሎ ዝም ይላል፤ ቅነሳው ከምን ላይ እንደሚወጣ ማወቅ አይፈልግም። አናጢውም ተገዶ ጣውላውን ያሳሳል፣ ኮላውን ይቆጥባል፣ እርጥብ እንጨት ይመታል፤ ሁለቱም እየተዋወቁ ይታለላሉ። ሁለተኛው ግን «ያለኝ ይህ ነው፤ በዚህ ምን ይሠራልኛል?» ይላል። አናጢውም «ሳጥኑ ይነስ፤ ወፍራሙ ድምፅ ትንሽ ይጎድልሃል፤ ጣውላው ግን ደረቅና ወፍራም ይሆናል» ብሎ ይመልሳል። ዋጋው በሁለቱም ቀንሷል። በሁለተኛው ግን የጎደለው ነገር በስሙ ተጠርቷል፤ የሚሸከመውም አውቆና ፈቅዶ ተሸክሞታል። ትክክለኛ ዋጋ ማለት ለእኛ ይኸው ነው።

ይህን ለተማሪ የምንጽፈው በምክንያት ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ከእኛ መካከል ብዙው በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ለትምህርት ቤት ዴስክ፣ ለጤና ጣቢያ በር፣ ለአዳራሽ ወንበር ጨረታ ይከፍታል። ሦስት ፖስታ ይቀርብለታል፤ ዝቅተኛውን መርጦ ይፈርማል። በአማርኛችን «ዋጋ ከፈለ» ሲባል ገንዘብ ሰጠ ብቻ ሳይሆን መከራ ተቀበለም ማለት ነው። የሚፈርመው ሰው «ማን ብዙ ቀነሰ?» ብሎ ብቻ አይለፍ። «ከምኑ ላይ ቀነሰ? ዋጋውንስ ማን ይከፍለዋል?» ብሎ ይጠይቅ።