የመያዣው ፍሬ የማን ነው?

በ2017 ዓ.ም. የዓረፋ በዓል ሰሞን ወደ ትውልድ ከተማዬ አሰላ ሄጄ ነበር። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ የሟች አባቴ ባልንጀራ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በመስጊዱ በር ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይህ ወረቀት የሚያልቀው መቼ ነው?» አሉኝ። ወረቀቱን ስገልጠው ጽሑፉን ወዲያው አወቅኩት። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ባለቤታቸው ታመውባቸው ለሕክምና 18,000 ብር አስፈለጋቸው። አንድ ጎረቤታቸው ሊያበድራቸው ፈቀደ፤ በምላሹ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለችውን ግማሽ ሄክታር የስንዴ ማሳቸውን በመያዣነት ተቀበለ። እኔም ለዕረፍት መጥቼ ስለነበር «አንተ ጻፍልን» ተባልኩ። «ገንዘቡን እስከሚመልሱ ድረስ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ይጠቀማል» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ምስክሮች ፈረሙ፤ ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ፤ ፋቲሓ ተደርጎ ቡና ተጠጣ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ጊዜ ተዘርቶ ሰባት ጊዜ ታጭዷል። ከግማሽ ሄክታር በዓመት 15 ኩንታል እንኳ ቢገኝ በድምሩ 105 ኩንታል ይሆናል። ለዘር፣ ለዳፕና ለዩሪያ፣ ለኮምባይነር ኪራይና ለድካም ግማሹን ብናስብ ከ50 ኩንታል ያላነሰ ስንዴ ተርፏል ማለት ነው። ዕዳው ግን ዛሬም ያው 18,000 ብር ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም። ስምንተኛው ዘር ሊዘራ ደግሞ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ዓይነቱ ውል በአርሲ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። አገራችን ከጥንት ጀምሮ «ወለድ አግድ» ብላ ታውቀዋለች፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚሁ ስሙ መዝግቦታል። ስሙ ራሱ ምሥጢሩን ይናገራል፤ ወለዱ በገንዘብ አይከፈልም፣ መሬቱ ታግዶ ፍሬው ስለ ወለዱ ይበላል። ገበሬው ወደዚህ ውል የሚገባበትም ምክንያት አለው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከተደረገ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ከተባለ ወዲህ ባንክ የገበሬን ማሳ እንደ ከተማ ቤት በመያዣነት ሲቀበል አልኖረም። የታመመ ሰው ያለበት ገበሬ እንግዲህ ጎረቤቱን እንጂ ማንን ያንኳኳል?

ጥያቄዬ ይህ ነው። አበዳሪ መያዣ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ያንን የሚከራከር የለም። ዳሩ ግን መያዣው በእጁ ሳለ ፍሬው የማን ነው?

ሸሪዓ መያዣን አይጠላም። የአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛ አንቀጽ በቁርአን ውስጥ ከሁሉም ረዥሙ ሲሆን የሚናገረው ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። ተከታዩ 283ኛው ደግሞ በጉዞ ላይ ጸሐፊ ያጣ ሰው በእጅ የሚጨበጥ መያዣ ይቀበል ዘንድ ይፈቅዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከዚህ ዓለም ሲለዩ የብረት ጥሩራቸው በመዲና በአንድ አይሁዳዊ ዘንድ በ30 ሷዕ ገብስ መያዣ እንደነበረ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪ ተመዝግቧል። እንግዲህ መያዣ መስጠት ውርደት፣ መያዣ መቀበልም ነውር አይደለም።

ነገር ግን በዚሁ በቡኻሪ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያወሩት ሌላ ሐዲስ አለ። በመያዣ የተሰጠ የጋማ ከብት ስለ ቀለቡ ይጋለባል፣ የምትታለብም ስለ ቀለቧ ትታለባለች የሚል መልእክት ያለው ነው። ኢማም አሕመድ ከዚህ ተነሥተው ያዡ ባወጣው የቀለብ ወጪ ልክ እንዲጠቀም ፈቅደዋል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ግን፣ በአካባቢያችን በስፋት የሚቀራውን የሻፊዒ መዝሀብ ጨምሮ፣ ጥቅሙ የባለቤቱ ነው ብለዋል። ልዩነታቸው ያለው ወጪን በማካካሱ ላይ ነው። ከወጪው በላይ መብላትን በብድር ውል ላይ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ግን ጥቅም የሚስብ ብድር ስለሚሆን ወደ ሪባ በር ይወስዳል። ላም ሳር ትበላለች፤ መሬት ግን ታርፍ እንደሆነ እንጂ ቀለብ አትጠይቅም።

ችግሩ ለሙስሊሙ ዓለም አዲስ አይደለም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በቡኻራ አካባቢ የነበሩ የሐነፊ ፈቂሆች በዕዳ የተጨነቀውን ሕዝብ አይተው «በይዕ አል-ወፋ» የሚባለውን ውል አስተናግደዋል። ባለ መሬቱ መሬቱን «ይሸጣል»፤ ገንዘቡን በመለሰ ጊዜ ይመለስለታል፤ እስከዚያ ገዢው ፍሬውን ይበላል። በ19ኛው መቶ ዘመን የወጣው የዑስማንያ መንግሥት የሕግ መድብል መጀላም ይህንኑ ውል አካቶታል። ሆኖም ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ የዚህ ውል እውነተኛ መልክ በሽያጭ ስም የተሸፈነ ጥቅም ያለው ብድር ነው በማለት እንደማይፈቀድ ወስኗል። ስም መለወጥ ነገሩን አልለወጠውም።

ይህ የገበሬ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ታላላቆቹ የገንዘብ ከተሞች ልውሰደው። በለንደንና በኒውዮርክ «ዴሪቬቲቭ» የሚባል ንግድ አለ። ሁለት ወገኖች በስንዴ፣ በነዳጅ፣ በውጭ ምንዛሪ ወይም በወለድ የወደፊት ዋጋ ላይ ይዋዋላሉ። ዋጋው በተለዋወጠ ቁጥር የከሰረው ወገን ለሌላው መያዣ ያስገባል። ለዚህ ንግድ መደበኛ የውል ሰነድ የሚያዘጋጀው ኢስዳ የተባለ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመ ሲሆን ስለ መያዣ ብቻ የሚናገር አባሪ ሰነድም አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የኒውዮርክ ሕግ አባሪ፣ ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልከለከሉት በቀር፣ ተቀባዩ በያዘው መያዣ መጠቀም፣ ለሌላም አሳልፎ ማስያዝ ይችላል። በ1995 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ አባሪ ደግሞ ባለቤትነቱን ራሱን ለተቀባዩ ያስተላልፋል፤ ሰጪው የሚቀረው ተመጣጣኙን የመጠየቅ መብት ነው። ሰነዱ በጠበቃ የተጻፈ ቢሆንም ጥያቄው የእኛው የጭላሎ ግርጌ ጥያቄ ነው፤ መያዣው በያዡ እጅ ሳለ ማን ይበላዋል?

መልሱ ምን እንደሚያስከትል መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ቀን ሌማን ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ባንክ ኪሳራውን አወጀ። በለንደኑ ቅርንጫፍ ዘንድ ንብረታቸውን ያስቀመጡ ብዙ ደንበኞች፣ ንብረቱ በፈረሙት ውል መሠረት ለሌሎች ተላልፎ መያዙን ያን ጊዜ ተገነዘቡ። «ንብረቴን» ሲሉ የመጡት ሰዎች ተራ አበዳሪ ሆነው ተሰለፉ፤ ሒሳቡን ማጣራትም ዓመታት ፈጀ። ዘራፊ አልመጣባቸውም፤ የፈረሙት አንድ አንቀጽ ነበር።

በሙስሊሙ በኩል እ.ኤ.አ. በ2010 መቀመጫው ባሕሬን የሆነው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፋይናንስ ገበያ ተቋም ከዚሁ ከኢስዳ ጋር በመተባበር «ተሐዉት» የተባለ፣ ቁማርን ሳይሆን እውነተኛ አደጋን ለመከላከል የታሰበ መደበኛ ውል አውጥቷል። የእኛም አገር በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248ን አውጥታለች፤ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያውም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ የመያዣ ሰነድ ጉዳይ ነገ የእኛም ነጋዴዎች ጉዳይ ይሆናል።

ወደ አሰላ ልመለስ። በማግስቱ ወደ አበዳሪው ቤት ሄድኩ። ሰውየው ጨካኝ አይደለም፤ ከሽማግሌው ጋር በአንድ ሰፍ የሚሰግድ ጎረቤት ነው። በኦሮምኛ ረዘም አድርገን ተጨዋወትን። «ሀጂ፣ ሰባት ምርት በላችሁ እኮ» አልኳቸው። እሳቸውም «ወለድ ጠይቄ አላውቅም። ባርስ በጉልበቴ፣ ብዘራ በዘሬ ነው። ዋግ የመታው ዓመት ኪሳራው የማን ነበር? ደግሞስ ያን ጊዜ የገዛሁበት 18,000 ብር ዛሬ ምን ይገዛል?» አሉኝ። ክርክራቸው የሚናቅ አልነበረም። ቀጥለው ግን «ጽሑፉንስ የጻፍከው አንተ አይደለህም?» አሉ።

ለዚህ መልስ አጣሁ። ማታ 282ኛውን አንቀጽ ከነትርጉሙ ደግሜ አነበብኩ። አንቀጹ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ ያዛል። ቃሉን የሚያስጽፈው ደግሞ ባለ ዕዳው እንዲሆን፣ ባለ ዕዳው ማስጻፍ ካልቻለ ጠባቂው በፍትሕ እንዲያስጽፍለት ያዛል። አበዳሪው አይደለም የሚያስጽፈው! በ2010 ዓ.ም. ያስጻፈኝ ግን አበዳሪው ነበር። ሽማግሌው ባለቤታቸው አልጋ ላይ ስለነበሩ ያሉትን ሁሉ እሺ ይሉ ነበር። ጸሐፊ ነኝ ብዬ የተቀመጥኩት እኔ «እስከ መቼ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

«እርስ በርሳችን ከተማመንን ወረቀት ለምን?» የሚሉ ወገኖች አሉ። የአርሲ ታሪክ ይመልስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሲቋቋም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር መጣ፤ ትራክተርም ተከተለ። ባለ መሬቶች ራሳቸው ማረስ አዋጭ መሆኑን ባዩ ጊዜ ብዙ ጭሰኞች ተነቀሉ። የአብዛኞቹ ውል የቃል ነበረና የሚያሳዩት ወረቀት አልነበራቸውም። ያልተጻፈ ውል ለጉልበተኛው ያደላል። በግፍ የተጻፈም እንዲሁ። ደካማውን የሚጠብቀው በፍትሕ የተጻፈው ብቻ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ፍሬውን ከከለከልክ ማን ያበድራል? በሽተኛዋስ ምን ትሁን?» ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዳቅሙ ቀርድ ሐሰን የሚሰጥ ካለ አጅሩ ከአላህ ነው፤ የማይችለውን ግን አናስገድድም። ሌላ መንገድ አለ። ያ 18,000 ብር ብድር መባሉ ቀርቶ የሁለት ወይም የሦስት ምርት የቅድሚያ ኪራይ ቢባል ኖሮ ሽማግሌው ያንኑ ገንዘብ በዚያው ቀን ያገኙ ነበር፤ ጎረቤታቸውም ያንኑ መሬት ያርስ ነበር። ልዩነቱ ቀኑ ሲደርስ ዕዳ ሳይኖር መሬቱ መመለሱ ነው። የዋጋ መውደቅም የዋግም አደጋ የተከራዩ ነው፤ ትርፉም የራሱ ሐላል ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ተከራይ ኪራይን እስከ ሦስት ዓመት፣ ከይዞታውም ግማሹን ብቻ ብሎ የገደበው ገበሬው ከመሬቱ እንዳይነቀል ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና የማስያዝ መንገድ ከፍቷል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ የጀመሩት ከወለድ ነፃ ባንኮቻችን ይህን በር ለአርሲ ገበሬ ቢያንኳኩለት ምንኛ ጥሩ ነው!

ከሁለት ቀን በኋላ ሽማግሌዎች ባሉበት ተቀመጥን። አበዳሪው ማዳበሪያውን ገዝተው መሬቱን ሁለት ጊዜ ገምሰው ነበር። ብዙ ከተባባልን በኋላ ስምንተኛውን ምርት እሳቸው እንዲያነሱ፣ ምርቱ በተነሣ ማግስት ግን መሬቱ ያለ ምንም ክፍያ ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ 18,000 ብሩም እንደ ተከፈለ እንዲቆጠር ተስማሙ። ይህ ፍጹም ፍትሕ ነው አልልም። ያለፉት ሰባት ምርቶች ሒሳብ በአላህ ዘንድ አለ፤ በሒሳቡ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት።

አዲሱን ወረቀት እንድጽፍ ብዕር ሰጡኝ። ሁሉም ወደ አበዳሪው ሲዞሩ እኔ ወደ ሽማግሌው ዞሬ «አባባ፣ እርስዎ ያስጽፉኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቀስ ብለው፣ ቀኑን ከነወሩ ጠርተው ማስጻፍ ጀመሩ። በሁለት ቅጂ ጻፍኩት፤ አንዱን እንደ በፊቱ በፌስታል ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

በየመንደሩ «አንተ የተማርክ ነህ፣ ጻፍልን» የምትባሉ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት የሚያስጽፈው ማን እንደሆነ ተመልከቱ፤ ወረቀቱ የሚያልቅበትንም ቀን ጠይቁ። አላህ በፍትሕ ከሚጽፉት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።