የእንዶዱ ዕዳ

ልጆች፣ ዛሬ የመጣሁት ልመርቃችሁ አይደለም። ከእናንተ እኩሌቶቻችሁ ቤተ ሙከራ ናችሁ፣ እኩሌቶቻችሁ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት። ተመራማሪው «እኔ ጽሑፌን አሳትሜያለሁ፣ ሥራዬ እዚህ ላይ አበቃ» ይላል። ባለሥልጣኑ «እኔ ዘንድ የደረሰ ጥናት የለም» ይላል። በሁለታችሁ መሐል ሆዱ የተነፋ ሕፃን ቢልሃርዚያ ያለበት ውኃ ውስጥ ይንቦጫረቃል። ነውር ነው!

የሳይንቲስቱን የአክሊሉ ለማን ስም በየስብሰባው ትጠራላችሁ። ሥራውን ግን ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ወንዝ የወረደው በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠና ነበር። ሴቶች የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው፣ በአረፋው ልብስ ያጥባሉ። እነሱ ካሉበት ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አየ። አንዷን አጣቢ፣ ሕያው ቀንድ አውጣ ወዳለበት ዕቃ ከአረፋው ጨመር እንድታደርግለት ጠየቃት። ጨመረች። እንስሳቱ እያየ ተኮማተሩ፣ ደሙ፣ ሞቱ።

ጠየቃት ነው ያልኩት። የተማረ ሰው ልብስ አጣቢዋን ጠየቀ። ከእናንተ ስንቱ ነው ገጠር ወርዶ መጠይቅ ከማስሞላት አልፎ ገበሬውን ቁጭ ብሎ ያነጋገረ? የሰውን ደምና ሰገራ ለናሙና ወስዳችሁ፣ ውጤቱን በማያነበው ቋንቋ ጽፋችሁ፣ ማዕረጋችሁን ተቀብላችሁ ትቀራላችሁ። ናሙና የሰጣችሁ ሰው መልስ ይጠብቃል።

አክሊሉ ግን ተመለሰ። በዚያው በዓድዋ እንዶዱ ለዓመታት ተሞከረ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ቢሆንም የዓለም የጤና ሹማምንት አፍሪካ ውስጥ የተገኘውን ውጤት አምነው ለመቀበል አመነቱ፣ ዓመታትም ባከኑ። እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት! በዚህ መሐል የተወለደው ሕፃን ጎልማሳ ሆኗል።

እነዚያ የዓለም ሹማምንት ስለ እንዶድ ደኅንነት መጠየቃቸው ስህተት አልነበረም። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ብቻ ሳይሆን ዓሣውንም ይገድላል፤ ዓሣ አጥማጁ ሳይመከርና ልኩ ሳይታወቅ ወንዝ ውስጥ አይጨመርም። ጥንቃቄ አንድ ነገር ነው፣ ንቀት ሌላ። ሁለቱን አታደባልቁብኝ።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቱቦ የሚደፍኑ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ለመከላከል እንዲውል ፓተንት አወጣበት። ብዙዎች «ተዘረፍን» ብለው ጮኹ። እኔ የምቆጣው በቅድሚያ በእኛ ነው። ተክሉ በየጓሯችን ይበቅላል፣ ሙከራውም የተካሄደው በአገራችን ነው፤ ይህን የሚከላከል ሕግ ቀድሞ ማውጣት፣ የሴቶቹንም ድርሻ ማስከበር የማን ሥራ ነበር?

እናንተ ሹማምንት፣ ወደ እናንተ ልመለስ። የመስኖ ቦይ በተቆፈረ ቁጥር ቀንድ አውጣው መኖሪያ ያገኛል። የወንጂ ሸንኮራ ልማት ይህን ካሳየን አሥርታት አልፈዋል። ታዲያ ግድብ ስትነድፉ መሐንዲሱን፣ የገንዘብ ሰውን፣ አስተዳዳሪውን ጠርታችሁ የጤና ባለሙያውን ለምን ታስቀራላችሁ? ልጁ ትምህርት ቤት ፕራዚኳንቴል የተባለውን ክኒን ይውጣል፣ ትሉ ይሞትለታል፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቦይ ገብቶ ይዋኛል። ድልድይና ንጹሕ ውኃ፣ ሽንት ቤትም ካልተሠራለት ክኒኑን በየዓመቱ ብታድሉት በሽታው ተመልሶ ይይዘዋል። ይህን የምታውቁ ሰዎች ዝም ብላችሁ ፊርማችሁን ታኖራላችሁ። እውነቱን እያወቀ የሚፈርም ሰው «ታዝዤ ነው» ማለት አይችልም፤ እጁ የራሱ ነው።

እናንተም ተመራማሪዎች፣ ሹሙ አልጠራንም አትበሉ። ደጁን አንኳኩ፤ ቢዘጋባችሁ ነገም ተመለሱ። ጥናታችሁን በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ሰውየው በሚሰማው ቋንቋ ሁለት ገጽ አድርጋችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስጧት።

ከፋሲካ በኋላ እንደገና እመጣለሁ። ያኔ የምጠይቀው ስንት ጽሑፍ እንዳሳተማችሁ አይደለም። የትኛው ቀበሌ ሄዳችሁ ውጤት እንደነገራችሁ፣ የትኛውን የቦይ ንድፍ እንዳስቀየራችሁ ነው። የቀበሌውን ስም ይዛችሁ ቅረቡ።