እጁን ያዢው
(ዘፍጥረት 21፥14-19)

ወገኖቼ፣ የአምቡሊን ወንዝ ታውቁታላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ውኃው ግን ከሥር አለ፤ የጅቡቲ ከተማ ከዚያው ጉድጓድ ስትጠጣ ኖራለች። አጋርም ጉድጓዱ ሳለ አላየችውም። የአቁማዳው ውኃ ሲያልቅ ልጇን ቁጥቋጦ ሥር ጥላ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ሲሞት ላለማየት። ጨክና አይደለም፣ አቅቷት ነው። እኛስ ወላጆች፣ ልጅ «አገራችን መቼ ነው የምንገባው?» ሲለን «ዝም ብለህ ተኛ!» የምንለው መልስ ቢጠፋን አይደል?

እግዚአብሔር የልጁን ድምፅ ሰማ። ጉድጓዱን ከማሳየቱ በፊት ግን እናቲቱን «ተነሺ፣ እጁን ያዢው» አላት። እንግዲህ ዛሬ ማታም ከጠየቃችሁ፣ «አላውቅም ልጄ፣ ና አብረን እንጸልይ» በሉትና አጠገባችሁ አስቀምጡት።