ያልተመረጠ ብሕትውና

ምንኩስናን በሚያከብር ሃይማኖታዊ ባህል ውስጥ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ አንድ ከባድ ጥያቄ ትቷል፤ ብሕትውና፣ ማለትም ከሰው ተለይቶ በጸሎትና በዝምታ መኖር፣ ነፍስን የሚያንጽ ከሆነ፣ ቤት መዋል የወጣቶችን መንፈስ ስለ ምን ሰበረ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት የጭንቀት ሕመምና ድባቴ (ደስታንና ፍላጎትን ለሳምንታት የሚያጠፋ ሕመም) በዓለም ደረጃ በ25 በመቶ ጨምረዋል፤ ይበልጥ ከተጎዱትም መካከል ወጣቶች ነበሩ። በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ከታወቀ በኋላ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ትንሣኤም ብዙ ምእመናን ከቤታቸው ሳይወጡ አሳለፉት።

መልሱን ገዳማዊው ትውፊት ራሱ ይሰጣል። አትናቴዎስ በጻፈው ገድል መሠረት መናኙ አባ እንጦንስ በረሃ ዘልቆ ከመግባቱ በፊት በአቅራቢያው መንደር የነበረን አረጋዊ እያየ ተምሯል፤ ሥርዓቱ ወደ ግእዝ የተመለሰለት አባ ጳኩሚስ ደግሞ መነኮሳትን በአንድነት እንዲጸልዩ፣ እንዲሠሩና እንዲመገቡ አደራጅቷል። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግሪስ በበኩሉ፣ ፀሐይዋ የቆመች፣ ቀኑም ሃምሳ ሰዓት የረዘመ የሚመስለውን፣ ወንድም መጥቶ እንደሆነ ደጅ ደጁን የሚያየውን መነኩሴ ሲገልጽ፣ ስለ ሃይማኖት የለሽ ሰው ሳይሆን በምንኩስናው ጎዳና ላይ ስላለ ተጋዳይ መናገሩ ነበር። እንግዲህ መምህርና ሥርዓት ያለው፣ ፈቅዶም የገባ መነኩሴ እንዲህ ከተፈተነ፣ መምህር ሳይኖራት፣ ማብቂያውም ሳይነገራት ቤት የተዘጋባት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ብትደክም ምን ይገርማል?

መከራ ያስተምራል የሚሉ አሉ፤ አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም፣ መርጠው የተሸከሙትን መከራና ሳይጠየቁ የተጫነን መከራ አንድ አድርጎ ማየቱ ስሕተት ነው። በዚያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኙን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃት ሜይ 5 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ሲያውጅ፣ የወጣቶቹ ሕመም አብሮ አላበቃም።

ስለዚህ ድባቴ የያዘውን ወጣት በእምነት ማነስ መውቀስ ከትውፊቱም የራቀ ነው፤ «ጸልይ» ብሎ ብቻውን መተውም እንጦንስ እንኳ ያላጣውን አረጋዊ መንፈግ ነው። ጸሎትና ጠበል ሐኪምን አይከለክሉም፤ ካህኑም ኢማሙም ከምክራቸው በፊት ከወጣቱ አጠገብ ማን እንዳለ ይጠይቁ።