የዐይን ፈተናና የልብ ምክንያት

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ዝሙት ሲያስተምር ፍርዱን እስከ ዐይንና እስከ ልብ ድረስ እንዳደረሰው ታውቃላችሁ። ስለዚህ የዝሙት ሥዕልና ፊልም መመልከት ኀጢአት ነውን? የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ የተዘጋ ነው። ዛሬ ልንመለከተው የወደድነው ሌላ ነው፤ ይኸውም በዚህ ነገር ወድቆ ወደ ንስሓ አባቱ የሚመጣውን ሰው «ስንት ጊዜ» ብሎ መጠየቅ ይበቃልን? ወይስ «ስለ ምን» ብሎ መጠየቅም ይገባል? የሚለው ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሥራዬ ብለው ይዘውታል። ቤአታ ቦቴ የምትባል የሀንጋሪ ተመራማሪ ከባልንጀሮቿ ጋራ በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጠይቅ 24 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ መላሹም እያንዳንዱ ምክንያት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያነሣሣው በደረጃ ያመለክታል። ከዚህም ስምንት ምክንያቶች ይለያሉ፤ የሥጋ ደስታን መሻት፥ የማወቅ ጉጉት፥ በምናብ መኖር፥ መሰልቸትን መሸሽ፥ በሩካቤ እርካታ ማጣት፥ የሚያስጨንቅ ስሜትን ማፈን፥ ውጥረትን ማስታገሥ፥ የራስን ፍላጎት መመርመር ናቸው።

የብዙዎች ምክንያት የሥጋ ደስታ መሆኑ አያስደንቅም። አስተዋይ ካህን ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባው ግን ሌላው ነው። ኀዘኑንና ጭንቀቱን ለማምለጥ ወደዚያ የሚሸሽ ሰው ራሱን መግዛት እንደሚሳነው በእንደነዚህ ያሉ ምርመራዎች ተደጋግሞ ታይቷል። ብዙ ጊዜ የሚመለከት ሁሉ እኩል የታሰረ እንዳይደለም ተገልጧል። እንግዲህ ቍጥር ብቻውን የእስራቱን ጽናት አይነግረንም ማለት ነው።

ይህ ለቀደሙት አበው እንግዳ ነገር አልነበረም። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሓ የኖረው ኤዋግርዮስ መነኮስን የሚዋጉትን ክፉ ሐሳቦች ስምንት አድርጎ ቈጥሯል (የቍጥሩ መገጣጠም እንዲያው አጋጣሚ ነው)። ከእነዚህም አንዱ፥ ቀኑ እየረዘመ ፀሐይም የቆመች እየመሰለ መነኮሱ በኣቱን የሚያስጠላው መሰልቸት ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 11ም ቢሆን የዳዊት ውድቀት ከመነገሩ አስቀድሞ ወራቱ፥ ሰዓቱና ስፍራው ተነግሯል። ነገሥታት ወደ ሰልፍ በሚወጡበት ወራት እርሱ በኢየሩሳሌም ቀርቶ ነበር፤ በማታም ከአልጋው ተነሥቶ በሰገነት ላይ ይመላለስ ነበር። ሥራ የፈታ ንጉሥ ነበረ።

አንዳንድ አበው ግን ቍጥሩን ሰምተው ጾምና ስግደት ሰጥተው ያሰናብታሉ። ሰውየው ቀኖናውን ይፈጽማል፤ ከወር በኋላ ያንኑ ይዞ ይመለሳል፤ በሦስተኛው ግን አፍሮ ይቀራል። ከቅዱስ ቍርባን ይርቃል፤ ጥቂት ቈይቶም ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ። ከሚስቱ ጋራ በተጣላበት ማታ ብቻ የሚወድቅ ባል ከስግደቱ ጋራ ዕርቅ ያስፈልገዋል። ሥራ አጥቶ ሌሊቱን ከስልኩ ጋራ የሚያሳልፍ ወጣት የሚውልበትን ሥራና የሚያገለግልበትን ቦታ የሚያሳየው ሰው ይሻል። በልጅነት የደረሰባትን በደል ለመርሳት የምትሸሽ እኅት ደግሞ የሕመሟ ሥር ከዝሙት ምኞት እጅግ የራቀ ነው። ለሦስቱም አንድ ቀኖና መስጠት ለሦስት በሽተኞች አንድ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

መጠይቅም የራሱ ጉድለት አለበት። ሰው ለወረቀት እንኳ ራሱን አሳምሮ ይናገራል፤ የራሱን ምክንያት ጨርሶ የማያውቅም አለ። ከዚህም ሁሉ በላይ መጠይቅ ይለካል እንጂ ከኀጢአት አይፈታም፤ ይህ ሥልጣን የተሰጠው ለካህናት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ የሩካቤ ምኞትን መግታት አለመቻልን እንደ ደዌ አስፍሮታል፤ ነገር ግን ጭንቀቱ ድርጊቱን ከመንቀፍ ብቻ የመጣ ከሆነ ደዌ ለመባል አይበቃም ይላል። ስለዚህ ሐኪም «ደዌ የለብህም» ያለው ሰው ንስሓ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ ካህንም ልጁን ወደ ሐኪም መላክን የእምነት ጉድለት አድርጎ ሊቈጥረው አይገባውም።

በመጠየቅም ጥንቃቄ ያሻል። ያየውን ሥዕል ማስተረክ ለተናዛዡም ለሰሚውም ፈተና ነው። መጠየቅ የሚገባው ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ነው፤ ሰዓቱ ስንት ነበር፥ ብቻህን ነበርህ ወይ፥ በዚያ ቀን ከማን ጋራ ተጣላህ፥ ጸሎትህን ካቋረጥህ ስንት ቀን ሆነህ?